ከፒያሳ እስከ ኮምቦልቻ፤ የሙቀት መጨመርና ከእርሻ የሚጠፋው ናይትሮጅን

ጧት ከደሴ ፒያሳ ሹራብ ደርቦ ተነሥቶ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሳይጨርስ ሹራቡን ማውለቁ የተለመደ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ኮምቦልቻ ግን በ1,850 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። አየር ወደ ላይ በወጣን ቍጥር በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ የሁለቱ ከተሞች የሙቀት ልዩነት ወደ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል። ይህ ሁሉ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ውስጥ የሚገኝ ለውጥ ነው።

ይህን ነገር ያነሣነው ለመንገደኛ ወሬ አይደለም። መላው ዓለም እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2020 በነበሩት ዐሥር ዓመታት፣ ከ1850 እስከ 1900 ከነበረው ዘመን ይልቅ በ1.1 ዲግሪ ሞቆ ተገኝቷል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ድረስ አማካዩ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ከፍ ማለቱ ተመዝግቧል። ለከተማ ሰው 1 ዲግሪ ማለት ሹራብ እንኳ የሚያስወልቅ አይደለም። በእርሻ አፈር ውስጥ ለሚኖሩት ረቂቃን ነፍሳት ግን ብዙ ነገር ነው።

ከመካከላችን አብዛኞቻችን የገበሬ ልጆች ነን። ለትምህርት ስንወጣ ለኛ ከተሸጠው በግና እህል ጐን የማዳበሪያው ዕዳም በቤተ ሰብ ሸንጎ ላይ ሲታሰብ ሰምተናል። አባቶቻችን በብድር ገዝተው በማሳ ላይ የሚበትኑት ያ ነጭ ማዳበሪያ ወዴት እንደሚሄድ፣ ሙቀቱም ሲጨምር ምን እንደሚያገኘው ማወቅ እንግዲህ የፈተና ጥያቄ ብቻ አይደለም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ናይትሮጅን በአፈር ውስጥ እንዴት እንደሚኖር፣ ቀጥሎም በየትኞቹ በሮች እንደሚያመልጥ፣ ከዚያም የሚነሡትን ጥያቄዎችና ሊደረግ የሚቻለውን በተራ እንመለከታለን።

1ኛ/ ናይትሮጅን በአፈር ውስጥ

ከምንተነፍሰው አየር ውስጥ ከ100 እጅ 78ቱ ናይትሮጅን ነው። ይሁን እንጂ ስንዴውም ሆነ ማሽላው በዚህ የአየር ባሕር ውስጥ ቆሞ ናይትሮጅን ይርበዋል፤ ምክንያቱም የአየሩ ናይትሮጅን ሁለት ሁለት ሆኖ በጽኑ የተቆራኘ በመሆኑ ተክል ሊፈታው አይችልም። ተክል የሚመገበው በውሃ የሚሟሙትን ሁለት ዓይነቶች ነው፤ እነርሱም አሞኒየምና ናይትሬት ይባላሉ።

አፈር እንደ ጎተራ ነው። አንድ ሄክታር ማሳ የላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር አፈር 2,400 ቶን ያህል ይመዝናል እንበል። ከዚህ ውስጥ ከ1,000 እጅ አንድ ተኩሉ ናይትሮጅን ቢሆን፣ በጎተራው ውስጥ 3,600 ኪሎ ናይትሮጅን ተከማችቷል ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ሀብት በበሰበሰ ሥርና ቅጠል ውስጥ የተቈለፈ ነው። ቍልፉን የሚከፍቱት ረቂቃን ነፍሳት ሲሆኑ፣ በያመቱ ከ100 እጅ ከ1 እስከ 3 የሚሆነውን ብቻ እየፈቱ ለተክል ይሰጣሉ፤ በምሳሌያችን ከ36 እስከ 108 ኪሎ ማለት ነው።

ሙቀት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የእነዚህ ነፍሳት ሥራ፣ ውሃ ሳይጐድልባቸው ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ወደ ሁለት እጥፍ ያህል ይፋጠናል። በመጀመሪያ ሲታይ ይህ መልካም ዜና ይመስላል፤ ጎተራው ፈጥኖ ይከፈታልና። ነገር ግን ፈጥኖ የሚከፈት ጎተራ ፈጥኖ ያልቃል። ከዚህም በላይ እህሉ የሚወጣበት ሰዓትና ተመጋቢው የሚመጣበት ሰዓት ካልተገናኙ፣ የወጣው ሁሉ ለሌባ ነው። ስለ ሌባው መንገድ አሁን እንናገራለን።

2ኛ/ አራቱ የማምለጫ በሮች

ሀ/ በአየር የሚያመልጠው

ነጩ ማዳበሪያ ዩሪያ ነው። ከ100 ኪሎ ዩሪያ 46 ኪሎው ናይትሮጅን ነው። ዩሪያ በርጥብ መሬት ላይ ሲወድቅ በአፈር ውስጥ ያለ ዩሪየዝ የሚባል አሟሚ ይፈታውና ወደ አሞኒየም ይለውጠዋል። በዚህ ጊዜ በፍሬው ዙሪያ ያለው አፈር ለጥቂት ቀናት ኮምጣጣነቱን ይለቅና አሞኒየሙ ወደ አሞኒያ ጋዝ ይለወጣል። ይህ በከብት በረት በጧት ዓይንን የሚያቃጥለው ጋዝ ነው። ፍሬው በመሬት ፊት ላይ ከሆነ ጋዙን የሚይዘው ስለሌለ ወደ ሰማይ ይወጣል።

በዚህ በር ላይ ሙቀት ሁለት ጊዜ ይሠራል። አንደኛ፣ ዩሪያውን የሚፈታውን ሥራ ያፋጥናል። ሁለተኛ፣ አሞኒያ ከውሃ ተለይቶ ጋዝ የመሆን ኀይሉን ይጨምርለታል። በዓለም ያለውን ልኬት የመረመሩ ሊቃውንት እንደሚሉት፣ ሙቀት በ5 ዲግሪ ሲጨምር አሞኒያ ወደ አየር የመውጣት ኀይሉ ወደ እጥፍ ይጠጋል። በዚህ ሒሳብ ሌላው ነገር ሁሉ እኩል ቢሆን፣ ከፒያሳ አካባቢ ይልቅ በኮምቦልቻ ሜዳ ላይ የማምለጥ ኀይሉ 1.7 እጥፍ ያህል ነው።

በመሬት ፊት ላይ ተበትኖ ሳይሸፈን ከቀረ ዩሪያ፣ ሁኔታው መልካም ሲሆን ከ10 እጅ አንዱ፣ ሲከፋ ደግሞ እስከ 4 እጅ ሊጠፋ ይችላል። ሁለት እጅ ብቻ ጠፋ ብንል እንኳ፣ ከአንድ የ50 ኪሎ ከረጢት 10 ኪሎው ለነፋስ ተሰጠ ማለት ነው። በኮምቦልቻ ዙሪያ ያነጋገርናቸው አንድ አዛውንት ገበሬ ይህን ነገር ያለ ኬሚስትሪ ዐውቀውታል። «ከበተንሁ በሦስተኛው ቀን ማሳዬ ውስጥ ስቆም ይሸተኛል፤ ልጆቼ፣ የሚሸተኝ የተበደርሁት ገንዘብ ነው» አሉን። እኛም ከዚህ የተሻለ ትርጓሜ በመጽሐፍ አላገኘንም።

ለ/ ወደ ታች በውሃ የሚሰርገው

አሞኒየም የአዎንታ ኤሌክትሪክ ያለው ስለ ሆነ የአሉታ ኤሌክትሪክ ያለው የሸክላ አፈር እንደ ማግኔት ይይዘዋል። ረቂቃን ነፍሳት አሞኒየሙን ወደ ናይትሬት ሲለውጡት ግን ናይትሬት ራሱ የአሉታ ኤሌክትሪክ ስላለው አፈሩ አይዘውም። ውሃ ወደ ታች ሲሰርግ አብሮት ይሰርጋል፤ ሥር ከማይደርስበት ጥልቀት ከወረደም ለገበሬው እንደ ጠፋ ይቈጠራል።

በርች የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በኬንያ ሲሠራ ያስተዋለው ነገር ለወሎ እጅግ የሚስማማ ነው። ይኸውም ደርቆ የሰነበተ አፈር በመጀመሪያው ዝናብ ሲረጥብ፣ በውስጡ ያሉት ነፍሳት በድንገት ነቅተው ብዙ ናይትሮጅን በጥቂት ቀናት ይለቃሉ፤ አፈሩ ይበልጥ በደረቀና በሞቀ ቍጥር ልቀቱም ይበረታል። እንግዲህ የደቡብ ወሎን ዓመት እናስብ። በልግ አለ፤ ክረምት አለ። አፈሩ ባመት ሁለት ጊዜ ይደርቃል፤ ሁለት ጊዜም ይረጥባል። በልጉ ደኅና ሲሆን የተለቀቀውን ናይትሮጅን የበልግ ገብስ ይመገበዋል። በልጉ ጥቂት ጥሎ ሲያቆም ግን ናይትሮጅኑ ተለቅቆ፣ ተመጋቢው ተክል ደርቆ ይቀራል። ያ የተጠራቀመ ናይትሬት በሐምሌና በነሐሴ ዶፍ ይታጠባል። ስለዚህ የበልግ መክሸፍ የዚያን ወቅት እህል ብቻ ሳይሆን የሚመጣውን የክረምት እህል ምግብም አብሮ የሚወስድበት ጊዜ አለ።

ሐ/ ውሃ በተኛበት ማሳ የሚጠፋው

ከደሴ ተነሥቶ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ አዋሽ ተፋሰስ በሚወርደው በቦርከና ወንዝ ዳር ጥቁር አፈር ያለበትን ሜዳ በክረምት ያየ ሰው፣ ውሃ እንዴት እንደሚተኛበት ያውቃል። ውሃው የአፈሩን ቀዳዳ ሁሉ ሲሞላ አየር ይጠፋል። በዚያ ያሉት ረቂቃን ነፍሳት የሚተነፍሱት ኦክሲጅን ሲያጡ፣ ከናይትሬት ላይ ኦክሲጅኑን ነጥቀው ይተነፍሳሉ። የቀረው ናይትሮጅን ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ገሚሱ ወደ ቀድሞው ጉዳት የለሽ የአየር ናይትሮጅን ይመለሳል፤ ጥቂቱ ግን ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ይሆናል።

ይህ ጋዝ በመጠን ትንሽ፣ በሥራው ግን ትልቅ ነው። አንድ ኪሎ ናይትረስ ኦክሳይድ በ100 ዓመት ውስጥ ምድርን የሚያሞቀው 273 ኪሎ ካርቦን ዳዮክሳይድ የሚያሞቀውን ያህል ነው። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1750 ገደማ በአየር ውስጥ ከቢሊዮን እጅ 270 ያህል ነበር፤ በ2019 ወደ 332 ደርሷል። ለዚህ ዓይነተኛው ምክንያት እርሻ ነው። አሁን ክቡ ተዘጋ፤ ሙቀት ናይትሮጅንን ያስወጣል፤ የወጣውም ናይትሮጅን በበኩሉ ሙቀትን ይጨምራል።

የገበሬያችንን ድርሻ በአኃዝ እንመልከት። ለብዙ ዓመታት በአገራችን ለአንድ ሄክታር ሲመከር የኖረው 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ ነበር። በዳፕ ውስጥ 18፣ በዩሪያ ውስጥ 46፣ በድምሩ 64 ኪሎ ናይትሮጅን ይሆናል። በዓለም አቀፍ የተለመደው ግምት ከዚህ ከ100 እጅ አንዱ በቀጥታ ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ይህም ሲሰላ 1 ኪሎ ያህል ጋዝ ነው። በገንዘብ ለገበሬው ብዙም የሚያስጨንቅ አይደለም፤ ለአየሩ ግን 270 ኪሎ ካርቦን ዳዮክሳይድ እንደ መልቀቅ ነው።

መ/ ከአፈሩ ጋር የሚሄደው

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ በዓይን የማይታይ ነው። አራተኛው በር ግን በክረምት የቦርከናን ቀለም አይቶ የሚታወቅ ነው። የሞቀ አየር ብዙ እንፋሎት ይሸከማል፤ ለ1 ዲግሪ ከ100 እጅ 7 ያህል ይጨምራል። ብዙ የተሸከመ ደመና ሲያወርድም ባንድ ጊዜ በብርቱ ያወርዳል። ብርቱ ዝናብ የታረሰና ገና ያልበቀለበት ተዳፋት ላይ ሲወድቅ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል።

ስለዚህ ነገር ለመናገር ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ከደሴ በስተ ደቡብ በማይባር ሐይቅ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1981 የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሟል። በእርሻ ሚኒስቴርና በስዊስ አገር በበርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር በሀንስ ሁርኒ መሪነት ከተጀመሩት ጣቢያዎች የመጀመሪያው ይኸው የማይባር ጣቢያ ነው። በዚያ የዝናቡ ብርታት፣ የወንዙ ልክና የታጠበው አፈር ክብደት ተመዝግቧል። እንዲህ ካሉት ጣቢያዎች ከተሰበሰበው ልኬት ተነሥቶ ሁርኒ ለታረሰው የኢትዮጵያ ደጋ መሬት ያወጣው አማካይ ግምት፣ ባመት ከአንድ ሄክታር 42 ቶን አፈር የሚል ነው።

በዚህ አፈር ውስጥ በምሳሌያችን መሠረት ከ1,000 እጅ አንድ ተኩል ናይትሮጅን ቢኖር፣ 42,000 ኪሎ አፈር 63 ኪሎ ናይትሮጅን ይዞ ይሄዳል። ከላይ ለሄክታር ከተመከረው 64 ኪሎ ጋር አስተያዩት። በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ በመርከብና በመኪና ተጓጕዞ፣ በብድር ወደ ማሳ የገባው ናይትሮጅን በአንድ ክረምት ከሚታጠበው ጋር ሊተካከል ይችላል ማለት ነው። እንዲያውም ጎርፍ አስቀድሞ የሚያነሣው ቀላሉንና ለሙን የላይኛውን አፈር ስለ ሆነ፣ ጉዳቱ ከዚህ ሒሳብ ሊበልጥ ይችላል።

3ኛ/ ሁለት ጥያቄዎች

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ደሴና ኮምቦልቻን አስተያይቶ ስለ መጪው ዘመን መናገር ይቻላልን?» ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የኮምቦልቻ አፈር፣ ዝናቡና እህሉ ለብዙ ሺሕ ዓመት ከሙቀቱ ጋር ተስማምተው የኖሩ ናቸው፤ የደሴ ዙሪያ ገብስ ማሳ ግን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ቢሞቅ ለመስማማት ጊዜ አያገኝም። ደግሞም ሙቀት ብቻውን አይሠራም። አፈሩ እጅግ ከደረቀ ነፍሳቱ ይተኛሉ፤ በሦስተኛው በር የሚወጣውም ጋዝ ይቀንሳል። በሌላ በኩል በሙቀት እህሉ ፈጥኖ ይደርሳል፤ ፈጥኖ የደረሰ እህል ደግሞ የሚመገብበት ጊዜ ስላጠረ ብዙ ናይትሮጅን በአፈር ትቶ ይታጨዳል። ስለዚህ ፒያሳንና ኮምቦልቻን የምናስተያየው ለማስተማሪያ እንጂ እንደ ትንቢት አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል። «ዓለምን ያሞቁት የባለጠጎች አገሮች ፋብሪካዎችና መኪናዎች ናቸው፤ ስለምን ገበሬያችንን ትከሳላችሁ?» ይላል። እኛ ገበሬውን አንከስም። በአውሮፓና በቻይና ያለው ችግር ናይትሮጅን ከመጠን በላይ መርጨት ነው፤ ትርፉም ወንዛቸውንና የጕድጓድ ውሃቸውን አበላሽቷል። የኛ ችግር የዚህ ተቃራኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ስለ አፍሪካ አገሮች በታተመ ጥናት፣ በኢትዮጵያ እርሻ ከሚገባው ናይትሮጅን የሚወጣው ባመት በሄክታር በ41 ኪሎ እንደሚበልጥ ተገምቷል። ከሚወጣውም ገሚሱ በእህል፣ በገለባና በኩበት መልክ የሚሄድ ነው። ኩበት ሲነድ ካርቦኑና ናይትሮጅኑ አብረው ጢስ ይሆናሉ፤ ለማሳው የሚተርፈው አመድ ብቻ ነው። ጥፋቱ ግን እንጨት ያጣችው እናት አይደለም።

ባለጠጋ ከሞላ ጎተራው ቢፈስበት ይቈጨዋል እንጂ አይርበውም። ድኃ ግን ከሚፈሰው ጋር የዓመት ቀለቡ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2022 የዩክሬን ጦርነት በመነሣቱ የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ ሲንር ይህን ሁላችንም በየቤታችን አይተነዋል። ስለዚህ ዓለምን ያሞቁት ኀላፊነታቸውን ይውሰዱ ማለት ይገባናል፤ ይህን እያልን ግን በራሳችን ማሳ ላይ ያለውን በር ከፍተን መተኛት አይገባንም።

4ኛ/ ምን ማድረግ ይቻላል?

የሙቀቱን መጨመር ደሴ ላይ ሆነን ማቆም አንችልም፤ በሮቹን ማጥበብ ግን ይቻላል።

ለመጀመሪያው በር መድኀኒቱ አፈር ነው። ዩሪያ በመስመር ተደርጎ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ከተሸፈነ፣ የሚወጣውን አሞኒያ አፈሩ ራሱ መልሶ ይይዘዋል። መሸፈን ካልተቻለ ደኅና ዝናብ ከመድረሱ በፊት መበተን ይሻላል፤ ርጥብ መሬት ላይ በጠራራ ፀሐይ በትኖ መተው ከሁሉ የከፋ ነው።

ለሁለተኛው በር ዩሪያውን ባንድ ጊዜ ከመስጠት ከፍሎ ገሚሱን በዘር ጊዜ፣ ገሚሱን እህሉ ጕልበት አውጥቶ በሚመገብበት ጊዜ መስጠት ነው። ለሦስተኛው በር በጥቁር አፈር ላይ መደብና ቦይ ሠርቶ ውሃውን ማጠንፈፍ ይጠቅማል። ለአራተኛው እርከን ነው። ይሁን እንጂ እርከን በዘመቻ ተሠርቶ በሚመጣው ዓመት ካልተጠገነ ጎርፍን አሰባስቦ ባንድ ላይ የሚለቅ ወጥመድ ይሆናል።

ከነዚህም ሌላ አባቶቻችን ከድሮ የሚያውቁት ዘዴ አለ። ደጋው ላይ ባቄላና አተር፣ ኮምቦልቻ ዙሪያ ባለው ቆላማ ቦታ ማሾ እያፈራረቁ መዝራት ነው። በነዚህ ተክሎች ሥር ላይ በሚታዩት እብጠቶች ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች የአየሩን ናይትሮጅን ፈትተው ያለ ብድርና ያለ ውጭ ምንዛሪ ለተክሉ ይሰጣሉ። ፍግም ቢሆን በፀሐይና በዝናብ ተጥሎ ከሚከርም፣ በጥላ ሥር ተከምሮና ተሸፍኖ ቢቈይ ናይትሮጅኑ ይተርፋል።

ሙከራ

ይህን ሁሉ በቃል ብቻ እንዳትቀበሉን በአራት የብርጭቆ ማሰሮ የሚሠራ ሙከራ እናቀርባለን። ከአንድ ማሳ የተወሰደ ርጥብ አፈር በአራቱም እኩል ሙሉ። በሁለቱ ላይ አንድ አንድ ማንኪያ ዩሪያ በአፈሩ ፊት ላይ አድርጉ፤ በሁለቱ ደግሞ ያንኑ ያህል አምስት ሳንቲ ሜትር ቅበሩ። ከክዳናቸው ሥር በውሃ የረጠበ ቀይ የሊትመስ ወረቀት አንጠልጥላችሁ ክደኗቸው። ከየዓይነቱ አንዱን በሞቀ ቦታ፣ አንዱን በቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ። አሞኒያ ቀዩን ሊትመስ ሰማያዊ ያደርገዋልና፣ የትኛው ማሰሮ አስቀድሞ እንደሚሰማይና የትኛው እንደሚዘገይ ጧትና ማታ ጻፉ። ክዳኑን ስትከፍቱ ግን ፊታችሁን አታቅርቡ።

ደሴ የምትኖሩና ኮምቦልቻ የምትኖሩ ተማሪዎች ይህን በአንድ ሳምንት ውስጥ በየቦታችሁ ብትሠሩት፣ የሁለቱን ከተሞች ልዩነት በመዝገብ አስፍረን ልንወያይበት እንችላለን። ከዚያም በሚመጣው ዕረፍት ወደየአገራችን ስንገባ የምንወስደው ስጦታ ይኖረናል። ስኳርና ቡና ይዞ መግባት መልካም ነው፤ ከዚሁ ጋር ማሰሮዎቹን ለአባቶቻችን አሳይተን፣ እነርሱ ከማሳቸው ያዩትን ደግሞ ጠይቀን ብንመለስ፣ ለተማርንበት ዕዳ የመጀመሪያውን ክፍያ ከፈልን ማለት ነው።